የስልክ ስክሪን ጭረትንና ስብራትን የመቋቋም አቅም፦ ለይቶ የማወቅ፣ የመምረጥና የመጠበቅ ዝርዝር መመሪያ

ስልክ የሚገዛ ሰው «ስክሪኑ ጠንካራ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ ማንሳቱ ነው። አንደኛው፣ መስታወቱ በአሸዋና በድንጋይ ብናኝ ሲፈተግ ሳይጫጫር ይቆያል ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ስልኩ ከእጅ አምልጦ ሲወድቅ መስታወቱ ሳይሰነጠቅ ይተርፋል ወይ የሚል ነው። እነዚህ ሁለት ባሕርያት ከተለያየ ምንጭ የሚመነጩ ሲሆኑ፣ አንዱን ለማሻሻል የሚወሰድ እርምጃ ብዙ ጊዜ ሌላውን ያዳክማል። ስለዚህ ሁለቱንም መከላከያ ከአንድ ነገር ከመጠበቅ ይልቅ፣ ለጭረቱ አንድ ንብርብር፣ ለስብራቱ ደግሞ ሌላ ንብርብር መመደብ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሁለቱ ጉዳቶች እንዴት እንደሚደርሱ ይረዱ

ጭረት የሚፈጠረው ከመስታወቱ የጠጠረ ነገር በላዩ ላይ ተጭኖ ሲንሸራተት ነው። የትኛው ነገር የትኛውን እንደሚጭር ለማነጻጸር እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያዘጋጀው ከ1 እስከ 10 የሚደርስ መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ ታልክ 1፣ ጂፕሰም 2፣ ኳርትዝ 7፣ ኮረንደም 9፣ አልማዝ ደግሞ 10 ናቸው። ቁጥሮቹ ቅደም ተከተልን ብቻ የሚያሳዩ በመሆናቸው በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል አይደለም፤ ለምሳሌ በ9 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ የሰፋ ነው። የሰው ጥፍር 2.5 አካባቢ ሲሆን፣ አብዛኛው የስልክ መስታወት ደግሞ በ6 ላይ ቀጫጭን ጭረት ማሳየት ይጀምርና በ7 ላይ ጥልቅ መስመር ይወጣበታል።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ብዙዎች ከሚያምኑት የተለየ ነው። ሳንቲምና የተለመደ የበር ቁልፍ ከስልክ መስታወት የለሰለሱ ናቸው፤ በመስታወቱ ላይ ሲታሹ የሚተዉት መስመር ብዙውን ጊዜ ከራሳቸው የተፋቀ የብረት ቅባት ስለሆነ ተጠርጎ ይለቃል። እውነተኛው ጠላት አሸዋ ነው፤ ምክንያቱም አሸዋ በብዛት የኳርትዝ ቅንጣት ሲሆን ኳርትዝ 7 ላይ ይገኛል። በኪስ ስፌት ውስጥ የተቀበረች፣ ዓይን በግድ የሚያያት አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በስልኩና በጨርቁ መካከል ስትታሽ፣ ቁልፍ ዓመት ሙሉ የማያደርሰውን ጉዳት በአንድ እርምጃ ልታደርስ ትችላለች።

ስብራት ግን ሌላ ታሪክ አለው። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ ፕላስቲክ ይለጠጣል፤ መስታወት ግን በጥቂቱ ከመተጣጠፍ ያለፈ መጎበጥም መለጠጥም ስለማይሆንለት የደረሰበትን ኃይል የሚያስተናግድበት መንገድ ጠባብ ነው። ኃይሉ በገጹ ላይ ባለ ጥቃቅን እንከን ጫፍ ላይ ይከማችና እንከኑን ወደ ስንጥቅነት ይለውጠዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፍዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ መስታወት በንድፈ ሐሳብ ሊኖረው ከሚገባው ጥንካሬ እጅግ ዝቅ ብሎ የሚሰበረው በእነዚህ ጥቃቅን እንከኖች ምክንያት ነው። ይህን ነጥብ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁለቱን ጉዳቶች የሚያገናኛቸው ድልድይ እዚህ ነው። ዛሬ የተፈጠረ ጭረት ነገ ስልኩ ሲወድቅ ስንጥቁ የሚነሳበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

የስልክ መስታወት አምራቾች ይህን ችግር የሚታገሉት በኬሚካላዊ መንገድ ነው። መስታወቱ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ የቀለጠ ፖታሲየም ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፤ በገጹ አቅራቢያ ያሉት ትናንሽ የሶዲየም አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አተሞች) ይወጡና ግዙፍ የሆኑት የፖታሲየም አዮኖች ቦታቸውን ይይዛሉ። ጠባብ ቦታ ላይ ተጨናንቀው የገቡት አዮኖች የመስታወቱን ገጽ ከሁሉም አቅጣጫ ያምቁታል። ስንጥቅ ሊሰፋ የሚችለው ሁለቱ ከንፈሮቹ ሲራራቁ ስለሆነ፣ የታመቀ ገጽ እንከኑን ዘግቶ ይይዘዋል ማለት ነው። ሆኖም ይህ የታመቀ ንብርብር በብዙ መስታወቶች ላይ ከ0.1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው መሐለኛው ክፍል በተቃራኒው የተወጠረ ነው። ሹል ድንጋይ ወይም ጥልቅ ጭረት የታመቀውን ንብርብር በስቶ ወደተወጠረው ክፍል ሲደርስ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ታዲያ ለምን በጣም የጠጠረ ነገር ተጠቅሞ ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ መፍታት አልተቻለም? ሰው ሠራሽ ሰንፔር በሞስ መለኪያ 9 ስለሆነ አሸዋ አይጭረውም፤ ለዚህም ነው በእጅ ሰዓት መስታወትና በካሜራ ሌንስ ሽፋን ላይ የሚውለው። ይሁን እንጂ ሰንፔር ከመስታወት በአምስት እጥፍ ገደማ ግትር በመሆኑ ሲወድቅ ኃይሉን በመተጣጠፍ ማብረድ አይችልም፤ ከዚያም በላይ ከባድና ውድ ነው፣ ብርሃንም በብዛት ያንጸባርቃል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ፕላስቲክ አለ። ሞቶሮላ እ.ኤ.አ. በ2015 የፊት ገጹ ፕላስቲክ የሆነ፣ ሲወድቅ የማይሰነጠቅ ስክሪን ያለው ስልክ ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ስክሪኑ መውደቅን በደንብ ቢቋቋምም በቀላሉ ይጫጫር ነበር። ተጣጣፊ ስልኮችም ዛሬ በዚሁ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ከሥር ያለው መስታወት እንዲታጠፍ ሲባል እጅግ ቀጭን ተደርጎ ከላዩ የፕላስቲክ ንብርብር ስለሚደረግበት፣ ጣት የሚነካው ገጽ በጥፍር ጭምር ሊጎዳ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የእርስዎ ስልክ የሚያጋጥመው አደጋ የትኛው እንደሆነ ይወስኑ

ከመግዛትዎ በፊት የቅርብ ጊዜ ስልኮችዎ በምን ምክንያት እንደተጎዱ ያስታውሱ። ስክሪናቸው በቀጫጭን መስመር ተሞልቶ ግን ሳይሰነጠቅ የቆየ ከሆነ ችግርዎ አቧራና አሸዋ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በአንድ ቀን ከተሰነጠቀ ደግሞ ችግርዎ መውደቅ ነው። በግንባታ፣ በእርሻ ወይም በባሕር ዳርቻ የሚሠራ ሰው ከምንም በላይ ጭረትን ማሰብ አለበት። ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ እየተራመደ የሚጽፍ፣ ደረጃ እየወጣ የሚያወራ ወይም ስልኩን ለሕፃን የሚሰጥ ሰው ቀዳሚ ሥጋቱ ስብራት ነው።

የሚወድቅበት ወለልም ልዩነት ያመጣል። ከ1 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ስልክ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2 ሜትር ሲሆን ደግሞ 6.3 ሜትር ገደማ ይደርሳል። 200 ግራም የሚመዝን ስልክ ከ1 ሜትር ሲወድቅ የሚሸከመው ጉልበት 2 ጁል ብቻ ነው፤ ይህ በራሱ ትንሽ ነው። ጉዳቱን የሚወስነው ይህ ጉልበት በምን ያህል ስፋት ላይ እንዳረፈ ነው። በእንጨት ወለል ላይ በጀርባው የወደቀ ስልክ ጉልበቱን በሰፊ ገጽ ያከፋፍላል፤ በኮንክሪት ወይም በአስፋልት ላይ በማዕዘኑ ወይም በፊቱ የወደቀ ግን አንዲት የጠጠር ጫፍ ያን ሁሉ ጉልበት በነጥብ ላይ ታሳርፍበታለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ባለበት ቢሮ የሚውልና ቀኑን ሙሉ በአስፋልት ላይ የሚውል ሰው፣ እኩል ጊዜ ስልካቸውን ቢጥሉም አደጋቸው እኩል አይደለም።

ደረጃ 3፦ የአምራቾችን መግለጫ በጥንቃቄ ያንብቡ

ማስታወቂያዎች በአብዛኛው እውነት ይናገራሉ፤ ነገር ግን የተናገሩት ስለ አንዱ ባሕርይ ብቻ ሆኖ ሳለ አንባቢው ስለ ሁለቱም እንደተናገሩ ይረዳል። ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ጎሪላ ግላስ የተባሉት የኮርኒንግ ኩባንያ የስልክ መስታወት ምርቶች ቅደም ተከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጎሪላ ግላስ 5 የተዋወቀው እስከ 1.6 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ መውደቅን በመቋቋሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 6ኛው ደግሞ ከ1 ሜትር ከፍታ በአማካይ 15 ጊዜ መውደቅን ይቋቋማል ተብሎለት ነበር። በእነዚህ ዓመታት የትኩረቱ ማዕከል መውደቅ እንጂ ጭረት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጎሪላ ግላስ ቪክተስ ሲመጣ ነው 2 ሜትር የመውደቅ አቅምና ከቀዳሚው በእጥፍ የተሻለ ጭረት የመቋቋም አቅም አብረው የተነገሩት። አፕልም በዚያው ዓመት በአይፎን 12 ላይ ጥቃቅን የሴራሚክ ክሪስታሎች በውስጡ ያሉበትን ሴራሚክ ሺልድ የተባለ የስክሪን መስታወት ሲያስተዋውቅ፣ አራት እጥፍ ተሻሽሏል ያለው መውደቅን የመቋቋም አቅሙን ነበር።

እንግዲህ መግለጫ ሲያነቡ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የተነገረው ስለ መውደቅ ነው ወይስ ስለ ጭረት፤ ከምን ያህል ከፍታና በምን ዓይነት ወለል ላይ ተፈተሸ፤ «እጥፍ» ሲባል ከየትኛው ምርት ጋር ተነጻጽሮ ነው። የወለሉ ዓይነት ያልተጠቀሰበት የከፍታ ቁጥር ብዙ ትርጉም የለውም፤ ለስላሳ ወለል ላይ ከ2 ሜትር መትረፍ በሸካራ ኮንክሪት ላይ ከ1 ሜትር ከመትረፍ ሊቀልል ይችላልና። በቤተ ሙከራ የተገኘ አማካይ ቁጥርም ለአንድ ግለሰብ ስልክ ዋስትና እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።

በስክሪን ፕሮቴክተር ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው «9 ኤች» ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ከሞስ መለኪያ 9 ጋር ያመሳስለውና ሰንፔርን የሚያክል ነገር የገዛ ይመስለዋል። «9 ኤች» ግን የእርሳስ ጥጥረት መለኪያ ነው፤ በፍተሻው ላይ በጣም ጠጣር የሆነው እርሳስ ገጹን አልጫረውም ማለት ብቻ ነው። አሸዋ ከማንኛውም እርሳስ ይጠጥራል፤ ስለዚህ 9 ኤች የተባለውን ፕሮቴክተር አሸዋ ያለ ምንም ችግር ይጭረዋል።

ደረጃ 4፦ አሁን ያለውን ስክሪን ይመርምሩ

አዲስ ፕሮቴክተር ከመለጠፍዎ ወይም ያገለገለ ስልክ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ምርመራ ያድርጉ። ስልኩን አጥፍተው ስክሪኑን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከላይ እንደተባለው የብረት ቅባት ጭረት ሊመስል ስለሚችል መጀመሪያ መጥረግ የግድ ነው። ከዚያ በአንድ አምፖል ወይም በመስኮት ብርሃን ሥር ስልኩን ወደ ጎን አዘንብለው ቀስ እያሉ ያዙሩት። ቀጥታ ሲያዩት የማይታየው መስመር ብርሃኑ በአግድም ሲያርፍበት ብልጭ ይላል።

መስመር ካገኙ ጥፍርዎን በእርጋታ አቋርጠው ያሳልፉበት። ጥፍር ከመስታወት የለሰለሰ ስለሆነ ጉዳት አያደርስም፤ ተጣጣፊ ስልክ ከሆነ ግን ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። ጥፍሩ ሳይዝ ካለፈ ጭረቱ ከመልክ ያለፈ ጉዳት የሌለው ሊሆን ይችላል። ጥፍሩን ከያዘው ግን ጭረቱ ጥልቅ ነው፤ በተለይ በስክሪኑ ጠርዝ አካባቢ ከሆነ ስልኩ በሚቀጥለው መውደቅ ከዚያ ቦታ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ይገምቱ። ያገለገለ ስልክ ሲገዙ ፕሮቴክተሩ ተነሥቶ ጠርዙን እንዲያዩ ይጠይቁ፤ ከመሐል ላይ ጭረት ይልቅ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ሽራፊ ይበልጥ ልታሳስብዎ ይገባል።

ደረጃ 5፦ ለጭረት ተብሎ የሚለወጥ ንብርብር ይምረጡ

ስክሪን ፕሮቴክተር ማለት በስክሪኑ ፈንታ እንዲጫጫር ታስቦ የሚለጠፍ፣ ሲያረጅ ተነሥቶ የሚጣል ነገር ነው። ቀጭኑ የፕላስቲክ ፊልም አይሰበርም፣ የጣት ንክኪንም ብዙ አያውክም፤ ነገር ግን ቶሎ ይጫጫራል። ለስላሳውና እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ዓይነት ጥቃቅን ጭረቶችን በተወሰነ ደረጃ ራሱ ይደፍናል፤ ጎበጥ ባለ ስክሪን ላይም በደንብ ይቀመጣል፤ ጣት ሲንሸራተትበት ግን እንደ መስታወት አይለሰልስም። ብዙውን ጊዜ 0.33 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቴምፐርድ ግላስ (እንዲጠነክር የተደረገ መስታወት) ደግሞ ለእይታም ለንክኪም ወደ ዋናው ስክሪን የሚቀርብ ሲሆን፣ በፊት ለፊት ሲወድቅ የጠጠሩን ጫፍ ቀድሞ ስለሚቀበል ለስብራትም መጠነኛ እገዛ ያደርጋል። ስልክዎ ለመደበኛ አገልግሎት ከሆነና ስክሪኑ ዝርግ ከሆነ ይህን የመጨረሻውን እመክራለሁ።

ፕሮቴክተሩ ሲሰነጠቅ «ስክሪኔን አዳነው» ማለት የተለመደ ነው፤ ይህ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቀጭን የሆነው ፕሮቴክተር ዋናው ስክሪን በቀላሉ በሚቋቋመው ምት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የጣት አሻራ ማንበቢያው ከስክሪኑ ሥር መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ በአልትራሳውንድ የሚሠሩት ማንበቢያዎች ወፍራም መስታወት ወይም በመካከል የቀረ አየር ሲኖር አሻራ ማንበብ ያቅታቸዋል።

አለጣጠፉ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ ለአቧራ ነው። እጅዎን ይታጠቡ፤ አየር የማይነፍስበት ቦታ፣ በተቻለ መጠን እርጥበት ያለበት ክፍል ይምረጡ፤ እርጥብ አየር አቧራን ያረጋጋዋል። ስክሪኑን በአልኮል መጥረጊያው ከጠረጉ በኋላ በደረቁ ጨርቅ ያድርቁ፤ ቀሪውን ብናኝ በሚያጣብቅ ወረቀት እየነካኩ ያንሡ። የፕሮቴክተሩን ሽፋን የሚልጡት ስልኩ ፊት ለፊትዎ ተስተካክሎ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው። በድምፅ ማውጫውና በካሜራው ቀዳዳ አስተካክለው አንዱን ጫፍ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ይልቀቁት፤ ማጣበቂያው ራሱ ይስፋፋል። የአየር አረፋ ከቀረ በጣት ወደ ጠርዝ ይገፋል፤ በመሐሉ ነጥብ የሚታይበት አረፋ ግን አቧራ ስላለበት አይገፋም። የፕሮቴክተሩን ያን ጫፍ ብቻ አንሥተው ነጥቡን በሚያጣብቅ ወረቀት ያውጡት።

ደረጃ 6፦ ለስብራት ከቨር ይመድቡ

ስብራትን ለመከላከል ከማንኛውም ፕሮቴክተር ይልቅ ጥሩ ከቨር ይጠቅማል። የከቨሩ ሥራ ምቱ የሚያርፍበትን ጊዜ ማርዘምና ስፋቱን ማብዛት ነው፤ ስለዚህ ማዕዘኖቹ ላይ ወፈር ያለና ሲጫኑት መልሶ የሚገፋ ለስላሳ ነገር ሊኖረው ይገባል። ሙሉ በሙሉ ደረቅ ከሆነ ፕላስቲክ የተሠራ ቀጭን ከቨር ጀርባን ከጭረት ያድን ይሆናል እንጂ ምቱን ብዙ ሳያበርድ ወደ ስልኩ ያስተላልፈዋል።

ሁለተኛው መስፈርት ከስክሪኑ ከፍ ያለ ጠርዝ ነው። ይህን በቤትዎ መፈተሽ ይችላሉ፦ ከቨሩንና ፕሮቴክተሩን እንዳደረጉ ስልኩን በፊቱ ዝርግ ጠረጴዛ ላይ ያስተኙትና ከከቨሩ ጠርዝ በታች በዓይንዎ ደረጃ ይመልከቱ። በስክሪኑና በጠረጴዛው መካከል ብርሃን ካለፈ ጠርዙ ሥራውን እየሠራ ነው። ካላለፈ ወይ ከቨሩ አርጅቶ ተለጥጧል፣ ወይ ፕሮቴክተሩ ከጠርዙ በልጧል። እንዲህ ያለ ከቨር በዝርግ ወለል ላይ እንኳ ስክሪኑን አይጠብቅም። በጠጠራማ መሬት ላይ ደግሞ ጠጠሩ ከጠርዙ ከፍታ ከበለጠ የትኛውም ከቨር ሙሉ መከላከያ አይሆንም፤ በዚያ ጊዜ የሚያግዘው ቴምፐርድ ግላሱ ነው።

ከቨሩን አልፎ አልፎ አውልቀው ውስጡን ይጠቡ። በከቨሩና በስልኩ መካከል የገባ አሸዋ ሳይወጣ ሲቀር ጠርዙንና ጀርባውን ቀን ከሌት ይፈትጋል።

ደረጃ 7፦ በየቀኑ ይጠብቁ

ስክሪኑ ላይ አቧራ ካለ ከመጥረግ በፊት ያራግፉት ወይም እፍ ይበሉበት፤ አሸዋ ባለበት ጨርቅ መሳብ ስክሪኑን በአሸዋ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። ለጽዳት በትንሹ የረጠበ ለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይበቃል። ፀረ ጀርም ማጽዳት ሲያስፈልግ አምራቹ ከፈቀደ 70 በመቶ የአይሶፕሮፒል አልኮል መጥረጊያ በቀስታ መጠቀም ይቻላል፤ በረኪና ግን አይጠቀሙ። በመስታወቱ ላይ የጣት ቅባት እንዳይዝ የሚያደርግ እጅግ ስስ ሽፋን አለ፤ ይህ ሽፋን በፍትጊያና በኃይለኛ ኬሚካል ይለቃል።

ጭረትን በጥርስ ሳሙና ወይም በቤኪንግ ሶዳ ስለማጥፋት የሚነገረውን ምክር አይከተሉ። እነዚህ ነገሮች ጥልቅ ጭረትን ለማስተካከል አቅም የላቸውም፤ ያን ስስ ሽፋን ግን ለማንሣት ይበቃሉ። በመጨረሻ የሚቀርዎት ጭረቱም እንዳለ፣ የጣት ቅባት የሚይዝ ደብዛዛ ቦታም ተጨምሮበት ነው።

ደረጃ 8፦ ከተሰነጠቀ በኋላ

ስንጥቅ ባለበት አይቆምም፤ ስልኩ ሲጫን፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ወይም እንደገና ሲወድቅ እየሰፋ ይሄዳል። መጀመሪያ መረጃዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው ዲስፕሌይ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና። ከዚያ ስክሪኑን በሰፊና ጥርት ባለ ማጣበቂያ ቴፕ ይሸፍኑ፤ ሽርፍራፊው ጣት ይቆርጣል። ስልኩ ውኃ የማያስገባ የነበረ ቢሆንም ከዚህ በኋላ እንደዚያ አድርገው አይመኑበት።

በዛሬዎቹ ስልኮች የላይኛው መስታወት ከዲስፕሌዩ ጋር በጥርት ያለ ማጣበቂያ የተጣበቀ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ። ጠጋኙን የሚተካው መስታወት ብቻ ነው ወይስ ሙሉው ስክሪን፣ የአምራቹ ዕቃ ነው ወይስ ተመሳሳዩ ብለው ይጠይቁ፤ ርካሹ መስታወት በኬሚካል ያልጠነከረ ሊሆን ይችላልና። አዲሱ ስክሪን ከመገጠሙ በፊትም የስልኩ የብረት ፍሬም በመውደቁ መጉበጥ አለመጉበጡ ይታይ፤ በጎበጠ ፍሬም ውስጥ የተጨመቀ አዲስ መስታወት ገና ከጅምሩ በውጥረት ላይ ስለሚሆን፣ ስልኩ ዳግመኛ ባይወድቅም እንኳ ከማዕዘኑ ሊሰነጠቅ ይችላል።